ጨርቁ ይሞቅ ነበር

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ወሩ ጥቅምት። ዕድሜዬ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። ወገዳ ላይ በአንድ የመሬት መሥሪያ ቤት የቀን ዘበኛ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ቃል ብደጋግም፣ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው ለወግ ብዬ አይደለም። ሰው በከንቱ ጠርጥሬ ነበር። እንዴት እንደጠረጠርሁት ሳልናገር መሞት አልፈልግም።

የሌሊቱ ዘበኛ ቢያድግልኝ ይባላል። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሠላሳ ዓመት የሚካኤልን ማኅበር አብረን ጠጥተናል። መሬቱን ለልጆቹ አካፍሎ ጨርሶ፣ የቀረችው ያቺው ዘበኝነት ነበረች። እሱ ማታ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቁልፉን ከእጁ ወደ እጄ ያደርግና "ደኅና አድራለች" ይለኛል፣ ቢሮዋን እንደ ላም።

በዚያን ጊዜ የገበሬው ማሳ ሁሉ እየተለካ በመዝገብ ይገባ ነበር። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጠው ትርንጎ የምትባል፣ ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች ሠራተኛ ናት። ኮምፒውተሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌላ ቢሮ ተርፎ የመጣ አሮጌ። ትርንጎ ግን እንደ ሙሽራ ነው የያዘችው። እናቷ የጠለፈችለት ነጭ ጨርቅ አለው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንዲዘጋ ታዝዘዋለች፤ ፊቱ ያለው መስታወት ሲጠቁር የመስታወቱን ማብሪያ ታጠፋና ጨርቁን ከላይ እስከ ታች አልብሳው ትሄዳለች።

"ጋሼ ተገኘ፣ አደራ፤ ጨርቁን ማንም እንዳይገልጠው። አቧራ ይገባበታል" ትለኛለች።

እኔም አልገልጠውም። እውነቱን ለመናገር እፈራው ነበር።

ቢሮውን የምትጠርገው ሴት ወልዳ አራስ ቤት ገባች፤ መጥረጉ በእኔ ላይ ወደቀ። ሰኞ ጧት ጠረጴዛውን ስወለውል የእጄ ጀርባ ጨርቁን ነካው። ይሞቃል! ሌሊቱን ሲጋለብ ያደረ በቅሎ ከኮርቻው ሥር ያለው ግላሱ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ? ኮርቻው ወርዶ እንኳ ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም። እንደዚያ ነው። ውጭ ውርጭ ነው፣ ሣሩ ነጭ ሆኗል፣ ቤት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ በረዶ ነው። ያቺ ጨርቅ ብቻ ትሞቃለች።

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምሁ። ማን ጋለበው? ቁልፉ የሚያድረው አንድ ሰው ጋ ነው።

ትርንጎ ስትመጣ ነገርኋት። ጨርቁን ገልጣ የመስታወቱን ማብሪያ ተጫነች። ወዲያው ቦግ አለ። ፊቷ ተለወጠ።

"ዓርብ ዘግቼው ነው የሄድኩት!"

"ረስተሽ እንዳይሆን?"

"ጋሼ፣ በማርያም ዘግቼዋለሁ። ባለፈውም ሁለት ሦስት ቀን በርቶ አግኝቼው የረሳሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።"

ቁጭ ብላ መፈለግ ጀመረች። ዓርብ የጻፈችው የለም። የአንድ ጎጥ ማሳ ሙሉውን ጠፍቷል። በዚያ ጎጥ ውስጥ ደግሞ የቢያድግልኝ እኅት ባል ከጎረቤቱ ጋር የሚካሰስበት ወሰን አለ።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ የሰው ስም የጠራ የለም። የጠራሁት እኔ ነኝ።

የቢሮው ኃላፊ አስጠሩኝ። "አቶ ተገኘ፣ ማንን ይጠረጥራሉ?"

"እኔ ሰው አልጠረጥርም" አልኋቸው። "ቁልፉ የማን ጋ እንደሚያድር ግን እርስዎ ያውቃሉ። ወሰኑም የማን አማች ወሰን እንደሆነ አገር ያውቃል።"

ይህ መጠርጠር ካልሆነ መጠርጠር ምንድን ነው? በአፌ ግን አልጠረጥርም አልሁ።

ቢያድግልኝ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ጋቢውን እንደተከናነበ መጣ። ኃላፊው "ሌሊት ቢሮ ይገባሉ?" ሲሉት የሚሉት አልገባውም።

"ምን ልሠራ እገባለሁ ጌታዬ? እኔ ፊደል አላውቅ።"

"ሌላ ሰው አስገብተው እንደሆነስ?"

"በሚካኤል! ከበረንዳው አልነሣም።" ትንሽ አሰበና "ግን አንድ ነገር አለ። ከውስጥ እንደ ንብ ቀፎ እምምም የሚል ነገር እሰማለሁ። ንብ ሰፍሮበት እንደሆነ እንጃ" አለ።

በቢሮው የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አንዱ ጆሮዬ አይሰማም፣ ሌላውም እንደ ነገሩ ነው። እኔ ቀን ሙሉ ከዚያ ቤት ውዬ ያልሰማሁትን ንብ እሱ ሲሰማ፣ ይህ ሰው ሽፋን እያበጀ ነው አልሁ በሆዴ።

ኃላፊው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፉ እኔ ጋ እንዲያድር አዘዙ። "ከደብረ ታቦር ባለሙያ እንዲላክ ደውያለሁ። እስከ ሰኞ ሌላ ነገር ካልተገኘ የስንብት ደብዳቤውን እፈርማለሁ፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ይመራል" አሉ።

ደጅ ስንወጣ ቢያድግልኝ ክንዴን ያዘኝ።

"ተገኘ፣ አንተ ነህ የነገርኸው?"

"ጨርቁ ነው።"

"ጨርቅ አፍ አወጣ?"

"አዎ፣ አወጣ" ብዬ ክንዴን አስለቀቅሁ።

ያን ማታ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርሁት። ማክሰኞ ጧት ገብቼ ጨርቁን ዳሰስሁ። ይሞቃል። ደሜ ፈላ። ቁልፉ አንገቴ ላይ፣ እሱ በረንዳው ላይ፣ ጨርቁ ትኩስ! ሌላ ቁልፍ አስቀርጾ ኖሯል አልሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢነግረኝ የምሰማ አልነበርሁም።

ማክሰኞ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ነው፤ ሚካኤል። ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ አባ ጸሎቱን አድርሰው፣ ጽዋው ይዞር ጀመር። ቢያድግልኝ ከጎኔ ነው የተቀመጠው፤ ቦታችን ሠላሳ ዓመት ያው ነው። ጠጣና በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋ። እጄን ከጋቢዬ አላወጣሁም።

"ተቀበል እንጂ ተገኘ" አሉ አባ።

"ከዚህ እጅ አልጠጣም" አልሁ።

ቢያድግልኝ ጽዋውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ያንን መንቀጥቀጥ የጥፋት ምልክት ነው ብዬ ነው ያየሁት። ጽዋውን ለአባ መለሰ፤ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለና "እንኳን አንተ፣ ጨርቅህም ይፍረድብኝ" አለኝ።

ረቡዕ አዲስ ጓጉንቸር ተገዝቶ በሩ ላይ ተንጠለጠለ። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም በእኔ አንገት ላይ። ቢያድግልኝ ቤቱ እንዲቆይ ተነገረው፤ ጥበቃውን የጎረቤት ቢሮ ዘበኛ ደርቦ ያዘው።

ሐሙስ ጧት በአዲሱ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። እጄን ጨርቁ ላይ አሳረፍሁ።

ይሞቃል።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ትርንጎ መጥታ ስትነግራቸው ኃላፊው ከቢሯቸው ወጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"አቶ ተገኘ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሁንስ ቁልፉ የማን ጋ ነው የሚያድረው?"

አያችሁ ነገሩን? እኔ ስለ ቢያድግልኝ የተናገርሁትን ቃል ነው የመለሱልኝ፤ አንዲት ፊደል ሳትጎድል። ትርንጎም እኔን ማየት ተወች። እኔም ደግሞ ትርንጎን መጠርጠር ጀመርሁ፤ ከቤቷ ሆና በስልክ ታስነሣው ይሆን እያልሁ። ያን ቀን በዚያ ቢሮ ውስጥ ማንም ማንንም በቀና ዓይን አላየም።

አሁን እንግዲህ የገበሬ ዘዴ ትዝ አለኝ። እህል ተወቅቶ አውድማ ላይ የሚያድር ከሆነ በክምሩ ዙሪያና ላዩ ላይ አመድ በመስመር እናፈሳለን። አንድ እፍኝ የተነካ እንደሆነ መስመሩ ይሰበራል፤ የነካውም የእጁ፣ የእግሩ ምልክት ይቀራል። ሐሙስ ለምሳ ቤቴ ገብቼ ሚስቴን አመድ በወንፊት አስነፋኋት።

"ለምንህ ነው?" አለች።

"ለሌባ።"

"ሌባው ማን ሆነ ደግሞ?"

"እሱን አመዱ ይናገር።"

ማታ ትርንጎ ማሽኑን ዘግታ፣ ጨርቁን አልብሳ እንደወጣች ወዲያው ከተደበቅሁበት የቢሮው ጓዳ ወጣሁ። መጀመሪያ ከማሽኑ ኋላ በጠረጴዛው ጠርዝ አፈሰስሁ፤ ከዚያ በግራና በቀኙ፣ ከፊቱ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ። ከዚያ ወደ ኋላዬ እየተራመድሁ ወለሉንና የበሩን መድረክ አመድ አልብሼ ቆለፍሁ።

ዓርብ ጧት ብቻዬን አልገባሁም። ኃላፊውና ትርንጎ እስኪመጡ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። "ምስክር እፈልጋለሁ" አልኋቸው። ከፈትሁ። መድረኩ ላይ ያለው አመድ እንደ ትናንቱ ነው፤ የድመት ዱካ እንኳ የለበትም። መስኮቱ ላይ ያለውም እንደዚያው።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አለች ትርንጎ። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። "አመድ! ኮምፒውተር ላይ አመድ! ጋሼ፣ ሊገድሉት ነው እንዴ?"

አልሰማኋትም። ዞሬ ከማሽኑ ኋላ እያየሁ ነበር። ከፊቱ፣ ከግራው፣ ከቀኙ ያለው መስመር ቀጥ እንዳለ ነው። ከኋላው ያለው ግን ተበትኗል። አበታተኑ ደግሞ የእጅ አይደለም። ስናዘራ ገለባው ከፍሬው ተለይቶ ወደ አንድ ወገን እንዴት እንደሚሄድ አይቼ ነው ያረጀሁት፤ አጠገቡ ጠበብ ብሎ ጀምሮ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። አመዱም እንደዚያ ሆኖ ግድግዳው ድረስ ሄዷል።

"ይህን ነፋስ ነው የበተነው" አልሁ።

"የምን ነፋስ? መስኮቱ ዝግ ነው" አሉ ኃላፊው።

"ነፋሱ ከውስጥ ነው። ከማሽኑ ውስጥ። ሰው ግን አልገባም።"

ጨርቁን ነካሁ። እንደ ልማዱ ይሞቃል።

ባለሙያው አራት ሰዓት ላይ በአይሱዙ መጣ። ይርጋ ይባላል፤ አጠር ያለ፣ ንግግር የማይወድ፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩን በሻሽ ያሰረ ሰው። ጉዳዩን ከሰማ በኋላ በትንሽ ብሩሽ አመዱን እየጠረገ "ማነው ደግሞ አመድ ያበላው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

"ከዚህ ይውጡልኝ።"

"አልወጣም።"

ኃላፊውም "ይውጡ አቶ ተገኘ" አሉ። ከወንበሩ ጋር ካላወጣችሁኝ አልወጣም አልሁ። "በዚህ ማሽን ምክንያት ሰው ሌባ ብያለሁ፤ እኔም ልባል ነው። ሲሠራ በዓይኔ አያለሁ።" ይርጋ ጥርሱን ያመዋል፣ መከራከር አልቻለም። ተወኝ።

"እስቲ ማታ ማታ እንደምትዘጊው ዝጊው" አላት። ትርንጎ አዘዘችው፤ መስታወቱ ጠቆረ። እጇ በልማድ የመስታወቱን ማብሪያ ሊያጠፋ ሄደ፤ ሌላው እጇ ጨርቁን አነሣ።

"ተዪው!" ብዬ ጮህሁ። "አትሸፍኚው! እንየው!"

ደንግጣ ጨርቁን ደረቷ ላይ ያዘች። አራታችንም ጥቁሩን መስታወት ማየት ያዝን። "ይኸው ጠፋ እኮ" አሉ ኃላፊው። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከሥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ጭል አለች፤ እምምም የሚል ነገር ጀመረ፤ መስታወቱ ማንም ሳይነካው ቦግ አለ።

አማተብሁ። ደኅናውን ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ። እንደ ንብ ቀፎ ነው።

"ንቡ ይኸው" አልሁ። ቢያድግልኝ ያላት ንብ።

ይርጋ ያኔ ነው አፉን የፈታው። "የተጫነበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አሮጌ ነው። ሲዘጋ አንድ ነገር ያደናቅፈዋል። ከወደቀ ደግሞ ራሱን እንዲያነሣ የሚያዝ ምልክት በውስጡ አለ። እናንተ ሸፍናችሁ ትሄዳላችሁ፣ እሱ ከጨርቁ ሥር ተነሥቶ ያድራል።"

"ራሱን እንዲያነሣ ማን አዘዘው?" አልሁ።

"ሲጫን ጀምሮ ያለ ነው አባቴ፣ ማንም አላዘዘውም። አሁን ምልክቱን አነሣዋለሁ። ወድቆ ይቅር፤ ለምን እንደወደቀም ይንገረን።"

አንድ ገጽ ከፈተ፣ ከሌላው ገባ፣ አንዲት ትንሽ ምልክት አጠፋ። ደግሞ ዘጉት። አሁን አልተነሣም፤ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ በነጭ ጽሑፍ ተሞልቶ ቀጥ አለ። ይርጋ ጉንጩን ይዞ አነበበና ከጎን ወዳለው ጠፍጣፋ ማሽን ጠቆመ፤ ካርታ የሚያነሣው፣ ስካነር የሚሉት ነው።

"ይሄ መቼ ገባ?"

"በመስቀል ሰሞን" አለች ትርንጎ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "በርቶ ማግኘት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው!"

"አብሮት የመጣው ፕሮግራም ለዚህ ለአሮጌው አይስማማም" አለና ገመዱን ነቀለ። ዘጉት። ጠፋ። ጠበቅን፤ አልተነሣም። ገመዱን መለሰና ዘጋው፤ ሰማያዊው መጣ። ነቅሎ ዘጋው፤ ጠፋ።

"በቃ፣ ተገኘ" አለ። ነገሩ ተገኘ ማለቱ ነው።

"አልበቃም፤ ድገመው" አልሁት።

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት። በሥላሴ ስም።"

ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ ጠፍቶ ቀረ።

ትርንጎ "ዓርብ የጻፍኩትስ ማን አጠፋው?" ብላ ጠየቀች።

"የመጨረሻ የጻፍሽውን አስቀምጦ ሳይጨርስ ይወድቃል፤ ስለዚህ የሚጠፋው የመጨረሻው ነው። ዓርብ መጨረሻ ምን ጻፍሽ?"

"ያንን ጎጥ" አለች። ወረቀቱ በእጇ ስለነበር ጎጡን ያን ቀን ከሰዓት ደግማ ጻፈችው።

እንግዲህ ይኸው ነው። የእኅት ባል የለም፣ የተቀረጸ ቁልፍ የለም። ኃላፊው ደብዳቤውን ቀደው "ለቢያድግልኝ ሰኞ ሥራ እንዲገባ ንገሩት፤ ጉዳዩ ተዘግቷል" አሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ወደየሥራው ሄደ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የእሳቸው ጉዳይ ተዘጋ፤ የእኔ አልተዘጋም። እኔ ደብዳቤ አልጻፍሁበትም፤ ጽዋ ነው የመለስሁበት፣ በሚካኤል ቀን፣ በማኅበር ፊት።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ያየሁት ነገር ውሸት አልነበረም። ጨርቁ በእርግጥ ይሞቅ ነበር። ዛሬም ማንም ቢጠይቀኝ ይሞቅ ነበር እላለሁ። ጥፋቴ ሙቀቱን ማየቴ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ገልጬ ሳላየው ከሥሩ ሰው ማስቀመጤ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ያቺን ጨርቅ ዳሰስሁ እንጂ አልገለጥሁም። የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ንብ እሰማለሁ ሲለኝም ደኅናውን ጆሮዬን አስጠግቼ አላዳመጥሁም። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ሰው የሆነ ነገር ሲነግረኝ "ገልጠኸዋል?" እላለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ይሥቅብኛል፤ ይሣቅ። እልኸኛ ነኝ፣ ይህን አልክድም፤ እልኼ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ወገን ዞሯል።

በማግስቱ ቅዳሜ ጧት ተነሣሁ። ከደጃፌ ካለው ካብ ከባዱን ድንጋይ መርጬ ማጅራቴ ላይ ጫንሁት።

ሚስቴ "ይህን ተሸክመህ በመንደሩ መሐል ልትሄድ?" አለች።

"በሰው ፊት ነው ያዋረድሁት" አልኋት።

መንገዱ ቅርብ ነው፣ ያን ቀን ግን ረዘመብኝ። ሰው ቆሞ ያያል። አባ ከቅዳሴ ሲመለሱ አግኝተውኝ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ቢያድግልኝ በር ላይ ስደርስ ሚስቱ አይታኝ "ኧረ በስመ አብ! አውርዱት አያ ተገኘ!" ብላ ሮጠች። እሱ ከመደቡ አልተነሣም።

"ተዪው" አላት። "ይቁም።"

ቆምሁ። ላቤ በዓይኔ ገባ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያን ቀን የእሱ እጅ እንደተንቀጠቀጠው። ከዚያ ተነሥቶ ቀስ ብሎ መጣ፣ ዞረኝ፣ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ።

"ይሞቃል" አለ።

አባ ሣቁ። እኔ ግን አልቅሼ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም።

"ቢያድግልኝ፣ በድያለሁ። ንቡን ሰማሁት።"

ወደ ውስጥ ገብቶ ጠላ በዋንጫ ሞልቶ ወጣ። በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋ። ድንጋዩን አውርድ አላለኝም፤ እኔም አላወረድሁም። በአንድ እጄ ድንጋዩን እንደያዝሁ ሌላውን እጄን ከጋቢዬ አወጣሁና ተቀበልሁት።